በሌስተር መደብ ላይ የወደቁት

ኦርቪል ያን ቀን ጠዋት ምን እንደ ነካው እሱም አያውቅም። ከልጁ ከዶልተን ጋር ጀልባዋ ላይ ቆሞ፣ ከሽቦ ሳጥን ያወጣቸውን የእስያ ኦይስተሮች፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖሩትን የባሕር ፍጥረቶች፣ ይለያል። ዶልተን የወህኒ ቤት ዘበኝነት ሥራ እንዳገኘ ይነግረዋል፤ የእስያው ዘር ካልተፈቀደ እሱም እንደ እኩዮቹ ባሕሩን ትቶ ዩኒፎርም ሊለብስ ነው። አባት ልጁን ልጁን እያየ ይሰማል። እጁ ግን ሥራውን አላቆመም፤ ትልቁን ወደ ቅርጫት፣ ትንሹን በትከሻው አሻግሮ ወደ ውሃ። በነሱ አገር ትንሽ ኦይስተር ወደ ውሃ ይመለሳል፤ የማይመልስ ሌባ ነው። አባቱ ጣቱን እየመታ ያስተማረው ይህንኑ ነበር።

የውሃውን ድምፅ ሲሰማ ክው አለ።

የእስያው ዘር እኮ አንድም ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ ተብሎ ነው ከመንግሥት ለሙከራ የተሰጠው! የአገሩን ኦይስተር በሽታ ፈጀው፤ ውሃውን የሚያጠራ ሲጠፋ ባሕረ ሰላጤው ደፈረሰ፤ እንግዳው ዘር ይግባ አይግባ በሚለው መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ኦርቪል በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አፉን ሞልቶ፣ ከእጄ አንዲት ብትወድቅ እኔን ከኋላዋ ጣሉኝ ብሎ ነበር። ሌስተር የሚባለው ጎረቤቱ ደግሞ፣ አንዴ ከገባ ማን ያስወጣዋል፣ የኛዎቹን ከቤታቸው ያባርራቸዋል ብሎ ሞገተ። አሁን ከጀልባዋ ሥር ያለው የዚሁ የሌስተር የኦይስተር መደብ ነው። ሰውየው ባዶ ዛጎል ከየቦታው ለቅሞ ወለሉን እያለበሰ፣ የአገሩ ኦይስተር ጫጩት እንዲጣበቅበት ስንት ዓመት የደከመበት፣ በዚያ ወንዝ አፍ በሕይወት የቀረ ብቸኛው መደብ።

ኦርቪል በረጅሙ መቆንጠጫ ጭቃውን እየዛቀ ፈለገ። ጥቂት አገኘ። ስንት እንደ ጣለ ግን በምን ይወቅ? ጭቃ የለበሰ ትንሽ ኦይስተር እንግዳውም የአገሩም መንታ ነው።

«ተዋቸው አባዬ። መካን ናቸው ተብሏል።»

«ሁሉም አይደሉም።»

«ከተናገርክ ሙከራው አበቃ። እኔም አበቃልኝ።»

ስለዚህ ዝም አለ። ውሃው ሞቀ፣ ኦይስተር የሚራባበት ወራት መጣ፣ አለፈ። እህል አልበላለት አለ። ሌስተር ከጀልባው ሆኖ እጁን ሲያነሳለት ኦርቪል ገመድ የሚፈታ ይመስል ያቀረቅራል። ሰው በልጁና በጎረቤቱ መካከል ሲቆም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የትም ቢዞር ሰው ይረግጣል።

ነፋሱ ሲቀዘቅዝ የመንግሥት ሰዎች አስተያየት ሊሰበስቡ አዳራሹ መጡ። ሌስተር ተነሳና ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ ይሄን ነገር አልወደውም። ኦርቪልን ግን ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። በሱ እጅ ከሆነ ይግባ፤ አልቃወምም» አለ።

ዶልተን ፊቱ በራ። ኦርቪል ግን ሳያስበው ቆሞ ነበር። መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ተናገረ። ሲጨርስ ዶልተን በሩን ከፍቶ ወጣ።

በማግስቱ ሌስተር፣ የሚያዘውን ሳይጠብቅ፣ መደቡን ሥሩ ድረስ መዛቅ ጀመረ። እንግዳውንም የአገሩንም፣ የሞተውንም ያለውንም ዳር ላይ ቆለለው። የአገሩ ኦይስተሮች ፀሐይ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ነው። ኦርቪል አካፋ ይዞ መጣ። ሌስተር ቀና ብሎ አላየውም።

«መቼ ነበር?»

«ውሃው ሳይሞቅ።»

«ሳይባዙ፣ ዘራቸው በመደቡ ሁሉ ሳይበተን ማለት ነው።» ሌስተር ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «ያኔ ብትነግረኝ ጀልባህ የቆመችበትን ጥግ ብቻ አነሳ ነበር። የቀረው ይተርፍልኝ ነበር። እጅህስ እሺ፣ ለምዶ ነው። አፍህ ምን ሆኖ ነው?»

ኦርቪል የልጁን ስም ሊጠራ ፈለገና አፈረ። አካፋውን አንስቶ ሌስተር ያወጣውን ወደ ክምሩ ይዝቅ ጀመር።