የማናለሽ ፊት

ቢምረው የእህቱን የማናለሽን ማጅራት በጭቃ ሲሠራ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። በሦስት ዓመቱ ከደምቢያ ወደ ሱዳን ሲጓዙ የታዘለው በማናለሽ ጀርባ ላይ ነበር። ከዚያ ጉዞ የቀረለት ትዝታም ይኸው ብቻ ነው፤ የአንዲት ልጃገረድ ቀጭን አንገት፣ ከጆሮዋ ሥር ወደ ታች የወረደው የጸጉሯ መስመር፣ የላቧ ሽታ። ማጅራቱን በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ጭቃውን አዙሮ ከፊት ለፊቱ ሲቆም ግን እጁ ሥራ ፈታ። ፊቷን አያውቀውም።

የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እናቱ ሐረጓ። አባቱ ሞቷል፤ ታናሽ እህቱ ባንች የተወለደችው እስራኤል፣ ናታንያ ከገቡ በኋላ ነው። ማናለሽ በዐሥራ አራት ዓመቷ፣ ጠረፍ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞታ ስትቀር፣ አንድም ፎቶ አልነበራትም። በመንደራቸው ፎቶ አንሺ የሚባል ታይቶ አይታወቅም። አሁን ደግሞ እናቱ መርሳት ጀመረች። የኩፓት ሆሊሟ፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ሐኪም ይኸ በሽታ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ነገረቻቸው። ቢምረው ከክሊኒኩ ወጥቶ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያሰበው ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። በእናቱ ራስ ውስጥ ያለውን ያንን ፊት፣ ሳይጠፋ ማውጣት አለበት።

እንጀራውም ይኸው ነው፤ የሰው ፊት ማውጣት። ሥነ ጥበብ ተምሮ፣ ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ያለውን ሚቅላት፣ የቦምብ መጠለያውን፣ ማዘጋጃ ቤቱን ለምኖ የሥራ ቤት አደረገው። እዚያ የትምህርት ቤት መሥራቾችን፣ ጡረታ የወጡ ዳኞችን፣ የሞቱ የፋብሪካ ባለቤቶችን በትእዛዝ ይሠራል። የሞቱትን የሚሠራው ከፎቶ ነው። ሚስቶቻቸው መጥተው ሲያዩ ያለቅሳሉ፤ ካለቀሱ በኋላ አፍንጫው ትንሽ እንዲያንስ ይጠይቁታል። እሱም ያሳንሳል። እናቱ ሥራውን ወዳለት አታውቅም። የሰው ምስል መሥራት በኦሪት የተከለከለ ነው እያለች ስትቆጣው ኖራለች። ስለ ማናለሽ ባማከራት ቀን ግን አልተቆጣችም። መስኮት መስኮቱን እያየች ግንባሯ ሰፊ እንደነበር ነገረችው።

ወደ ሚቅላቱ የሚወርደው ቀጥ ያለ ደረጃ ስለሚከብዳት ጭቃውን ወደ ቤት አወጣው። ከቢሮ በተጣለ ባለ ጎማ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ እንደልቧ እያዞረች ታየው ዘንድ። የሚሠሩት ጠዋት ጠዋት ነው፤ ያኔ ልቧ ጥርት ይላል። ይሁንና ፊት በቃል አይነገርም። ክብ ነበረች ትላለች፣ ደግሞ ረዘም ያለች ነበረች ትላለች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጣ። እጇን ይዞ ወደ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ይወስዳታል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያልፉትን ልጃገረዶች ያያሉ። የአንዷ ወታደር ቅንድብ፣ ቡሬካስ የሚሉትን ሳምቡሳ መሳይ የምትሸጠው ልጅ አገጭ፣ የአንዲት የሩሲያ ልጅ የጆሮ ጫፍ። እናቱ በአገጯ ትጠቁማለች፣ እሱ ልጅቷ አውቶቡስ ሳትሳፈር በእርሳስ ይነድፋል። አንዳንዶቹ ዘወር ብለው ይገላምጡታል። ቤት ሲመለሱ የተለቀመውን ወደ ጭቃው ያስገባል።

"ይኸ አፍንጫ የማን ነው?" አለችው አንድ ጠዋት።

"የማናለሽ ነዋ፣ እማዬ።"

"የዚያ የራሰ በራው ዳኛ መስሎኝ። ከሱ የተረፈ ጭቃ ከሆነ ጣልልኝ።"

ባንች ወጥ ቤት ሆና ሳቋ አመለጣት። ቢምረውም ስቆ አፍንጫውን አፈረሰው።

ከረምረም ሲል ግን ሳቁ ጠፋ። ጭቃው ባማረ ቁጥር እናቱ ራሷን ትነቀንቃለች። "ትመስላለች። እሷ ግን አይደለችም።" ምን እንደጎደለ ሲጠይቃት ወንበሩን ደጋግማ ታዞራለች። የዚያ አገር ብርድና ዝናብ አልፎ ፋሲካ ሲቃረብ ግንባሯ ጠባብ እንደነበር ነገረችው። ሌላ ቀን ይህች ልጅ የማን ናት ብላ ጠየቀችው። ቢምረው መብላት ቀነሰ። የሰው ትእዛዝ ሚቅላቱ ውስጥ አቧራ እየጠጣ፣ እሱ አንድ ዐይነ ቆብ ሲያነሳና ሲመልስ ይውላል።

ሥራ ሲያበቃ ጭቃው እንዳይደርቅ ውሃ ይረጨዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ ከላይ ላስቲክ አልብሶ አንገቱ ላይ በሲባጎ ያስረዋል። እናቱ ይህን ስታይ ፊቷ ይለዋወጥ ነበር። ለምን እንደሚያስራት ጠይቃው አስረድቷታል። ዳግመኛ ስላልጠየቀችው የገባት መሰለው።

በዚህ መሐል የዳኛው ራስ በነሐስ የሚፈስበት፣ ደቡብ ያለው ማቅለጫ ቤት ጠራው። ለነሐሱ የተዘጋጀው የሰም ቅርጽ ተበላሽቷልና ራሱ መጥቶ ካላስተካከለው አይሆንም። ሳምንቱን እዚያው ማደር ነበረበት። ባንችን ጠዋትና ማታ ውሃ እንድትረጭለት አደራ ብሏት ሄደ። በማግስቱ ሻራቭ የሚሉት ደረቅ የበረሃ ነፋስ ገባ፤ አገሩ ሁሉ እንደ ምድጃ ጋለ። ባንች ከሥራ ስትመለስ ወንበሩ ሳሎን ውስጥ የለም። እናቷ ቢምረው መጥቶ ወደ ታች አወረዳት አለቻት። በምታጸዳበት የአረጋውያን ቤት ውላ እግሯ ዝሎ ነበርና፣ ባንች አምና ተኛች፤ በቀሩትም ቀናት እናቷ የመኝታ ክፍሏን በር ስትዘጋ ምንም አልጠረጠረችም።

ቢምረው ሐሙስ ቀትር ላይ በሩን ሲያንኳኳ የከፈተችለት ባንች ናት። ስለ ጭቃው ሲጠይቃት ግራ ተጋባች።

"አንተ አይደለህ እንዴ ያወረድካት?"

በቀጥታ ወደ እናቱ መኝታ ክፍል ገባ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማራገቢያው ይሽከረከራል። ማናለሽ ባለ ጎማው ወንበር ላይ፣ በማራገቢያው ፊት ለፊት፣ የእናቷን ነጠላ ደርባ ተቀምጣለች። ላስቲኩና ጨርቁ ታጥፈው ትራስ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጭቃው አመድ መስሏል። ሲደርቅ በውስጡ ባለው ብረት ላይ ተኮማትሮ ከግንባር እስከ ጉንጭ ተሰነጣጥቋል፤ ከንፈሩ ሦስት ቦታ ተተርትሯል። በጣቱ ቢመታው እንደ አጥንት ጮኸ።

"እማዬ፣ ማነው የገለጣት?"

"እኔ ነኛ። ታፍና ነበር።" አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራለች። "አባትህ ያኔም በጋቢ ጠቅልሎ አሰራት። ትንፋሽ ያላት መስሎኝ ፍታት ብለው አልሰማኝም።"

ቢምረው ከእግሯ ሥር ተንበረከከ። እንደገና እንጀምር አላት፤ ጣቢያ እንሂድ፣ አሁኑኑ እንሂድ። ግንባሯን ብቻ ትንገረው፣ ሌላው ይደርሳል። ለመናት፣ እጇን ሳመ።

"የማንን ግንባር?" አለችው እናቱ በትሕትና፣ እንግዳ ሰው እንደምታናግር።

ቢምረው እጇን ጉልበቷ ላይ መለሰ። ወራት ሙሉ የለቀመው አልቋል፤ የሚለቀምበትም የለም። እናቱ ግን ዐይኗን ከሱ ላይ አንሥታ ወደ ወንበሩ መለሰች፣ ፊቷም በራ።

"ይኸውልህ። አሁን እሷ ናት።"

ቢምረው ቀና ብሎ አየ። የተተረተረውን ከንፈር አየ፣ የጎደጎደውን ጉንጭ አየ፣ የነጣውን ቆዳ አየ። እሱ የፈለገው በደህናው ዘመን ወንዝ ወርዳ እየሳቀች የምትመለሰውን ልጅ ነበር። እናቱ ዘንድ የቀረችው የመጨረሻዋ ቀን ማናለሽ ናት፤ መንገድ ላይ ውሃ ያለቀባቸው ቀን።

ቢሆንም እሷ ናት። ፊቷ ይኸ ነው፣ ሌላ የለም። ጀሶ ቢለብስበት ቅርጹ ይያዛል፤ ስንጥቁም ሁሉ ይያዛል። ብድግ ብሎ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሚቅላቱ ውስጥ የጀሶውን ከረጢት ሲያነሳ ጎኑ ተቀደደ፤ እየፈሰሰበት በደረቱ ታቅፎ ወጣ።

ሲመለስ እናቱ ቆማለች። የውሃ ኩባያ ይዛ፣ በሌላ እጇ የማናለሽን ማጅራት ደግፋ፣ ኩባያውን ወደ ከንፈሯ አስጠግታለች። ቢምረው ከረጢቱን ጥሎ የእጇን አንጓ ያዘ። የደረቀ፣ እሳት ያላየው ጭቃ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ያውቃል።

"ተይ እማዬ። ትፈርስብሻለች።"

"ልቀቀኝ፣ ልጄ" አለችው። "ያኔ አልነበረኝም።"

አልለቀቃትም። አንጓዋ ቀጭን ነው፤ ደም ሥሯ ከጣቱ ሥር ይመታል። ባንች በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ቢምረው ፊቱን አየው፤ ግንባሩን፣ የወታደሯን ቅንድብ፣ የከንፈሩን ሦስት ስንጥቅ በየተራ አየ። በዐይኑ ሊይዘው ሞከረ። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ።

ውሃው ከንፈሩ ላይ ሲፈስ ጭቃው ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ በስንጥቁ ውስጥ ትንንሽ አረፋ ወጣ።

"እየጠጣች ነው" አለች ሐረጓ።

መጀመሪያ የታችኛው ከንፈር ለሰለሰ፣ ቀጥሎም ወደ አገጩ ተንሸራተተ። እናቱ የሕፃን አፍ እንደሚጠረግ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ጠረገችው። ኩባያውን ደፋ አድርጋ ጨረሰችና፣ ዐይኗን ከወንበሩ ሳትነቅል ወደ ኋላ ዘረጋችለት።

"ድገምላት።"

ቢምረው ኩባያውን ተቀብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፤ ቧንቧውን ከፈተ።