ስልሳ ሁለተኛው ምስማር

"እጅ!" ይላሉ ዘበኛው አባባ ምስማር፤ እጅ ይዘረጋል፣ ሰዓት ይፈታል፣ በባለቤቱ ቁጥር ላይ ይሰቀላል። የካርቶን ፋብሪካው የጠዋት ሰልፍ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ሰልፈኛው ሰዓቱን ገና ሳይጠየቅ ፈትቶ በመዳፉ ይዞ መጣ። ሌላ ቀን "አባባ፣ የኔን ከቆንጆዋ አጠገብ ይስቀሉልኝ" የሚለው ቀልደኛ እንኳ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ከዘበኛው ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ ሰማንያ ምስማር አለ። ስልሳ ሁለተኛው ላይ ከትናንት ጀምሮ የሚወስደው ያጣ ሰዓት ተንጠልጥሏል። ሁሉም ወደዚያ ሰረቅ አድርጎ እያየ ገባ።

የረጅሙ ሰዓት ነው። ረጅሙ በማጣበቂያ ክፍሉ፣ ወረቀት እየጨመቀ በሚያሳልፈው ሮለር ላይ የሚሠራ፣ በዘበኛው ቤት በር ሲያልፍ አጎንብሶ የሚያልፍ ሰው ነው። ትናንት ከምሳ በኋላ የተቆላለፈ ወረቀት ሊያወጣ ግራ እጁን ሲሰድ ሮለሩ ይዞ አስቀረው። ሐኪም ቤት ከክርኑ በታች ቆረጡት። ማሽኑ ሲጸዳ ደግሞ ከሙጫውና ከደሙ መሃል የሰዓት መስታወት ስባሪና የተጨመደደ ብረት ወጣ። ምን ዓይነት ሰዓት እንደነበረ መለየት የሚችል አልነበረም።

ጉዱም ይኸው ነው። ወደዚያ አዳራሽ ሰዓት አይገባም። ቀለበት አይገባም፣ ስልክም በሳጥን ይቆለፋል፤ የዘበኛው ስልክ ሳይቀር። "ለራስዎ ደህንነት" ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ። አባባ ምስማር ይህን ስም ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲሰቅሉ ሲያወርዱ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ቀርቷል።

ሰልፉ እንዳለቀ የሰው ኃይል ኃላፊው አስጠራቸው። ኃላፊው የልጃቸው እኩያ ቢሆን ነው፤ ሲያናግር ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ መቆጣቱና ማዘኑ አይለይም። ወንበር ስቦ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበርና ወንበሩ ራሱ አስፈራቸው።

"አባባ፣ ለመሆኑ አንድ ሰው ስንት የእጅ ሰዓት ሊኖረው ይገባል?"

"እንጃ ጌታዬ። እኔ አንድም የለኝ።"

"እኔ ያለኝ አንድ ነው፤ ያውም ኃላፊ ሆኜ።" እጅጌውን ገለጥ አድርጎ አሳያቸው። "የሮለር ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ምን ያደርግለታል? አንዱን ለእርስዎ አስረክቧል፤ ምስማሩ ላይ አለ ብለውኛል። ሌላው ማሽን ውስጥ ተገኘ። አንድና አንድ ሁለት ነው። እሱን ብቻ ጽፈው ይፈርሙልኝ።"

ከዚያ የጽሑፉን ትርጉም ለሕፃን እንደሚነግር አድርጎ አስረዳቸው። ሰውየው አንድ ሰዓት አስረክቦ ሁለተኛውን ደብቆ ከገባ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ካሳም የለም፣ የጉዳት ጡረታም የለም፣ ከሥራም ይሰናበታል። ሰዓቱ አንድ ብቻ ከነበረና በሩ ላይ ሳይወሰድበት ካለፈ ግን ጥፋቱ የፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው ይክሳል፣ ሰዓቱን ያልተቀበለው ዘበኛም ይባረራል። የኢንሹራንሱ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚመጣ ቅጹን ሞልተው፣ የስልሳ ሁለተኛውን ምስማር ሰዓት ይዘው እንዲመጡ ነገራቸው። እጅ እንዳይይዝ ስለሚደረገው የሮለሩ መከለያ አንድም ቃል አልተነፈሰም። መከለያው ሥራ ያጓትታል ተብሎ ከተነሳ አምስት ወሩ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ዝናብ ይመታዋል።

አባባ ምስማር በሩ ጋ ሲደርሱ ኃላፊው "ጡረታዎ ስንት ቀረው?" አላቸው።

"ስምንት ወር።"

"እግዜር ያድርስዎ" አለ፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

ወደ ዘበኛ ቤታቸው ተመልሰው ቅጹን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ክፉው ነገር፣ እውነቱ ከኃላፊው ጋር መሆኑ ነው። ረጅሙ በእርግጥም ሁለት ሰዓት ይዞ ነበር። አባባ ምስማር ይህን ከማንም በፊት ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደያዘም ያውቃሉ።

በመስኮታቸው ፊት ለፊት፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ትልቁ ሰዓት አለ። ፋብሪካው የሚገባውም የሚወጣውም በሱ ነው። የሳይረኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ትልቁ ሰዓት አሥራ አንድ ሲል ይጫኑታል፣ ሥራ ይቆማል። ጠዋት ትልቁ ሰዓትና ከጀርባቸው ያሉት የእጅ ሰዓቶች እኩል ናቸው። በምሳ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ሲሆን መሰላል ይመጣል፤ የትልቁ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማታ ትልቁ ሰዓት አሥራ አንድ ሲል በምስማር ላይ ያሉት አሥራ አንድ ከአሥራ ሰባት ይላሉ። ሠራተኛው ሰዓቱ የሚመለስለት ተሰልፎና ተፈትሾ ስለሆነ የጎደለውን ደቂቃ "ሰልፉ በላው" ብሎ ይተወዋል። ያጉረመረመ ካለም አለቆቹ "ርካሽ ሰዓት ይሮጣል" ይሉታል። ሰማንያ ርካሽ ሰዓት ተነጋግሮ በአንድ ልክ እንደማይሮጥ እርግጠኛ የነበሩት አባባ ምስማር ብቻ ናቸው፤ የግድግዳውንም የምስማሩንም በአንድ ጊዜ የሚያይ ሌላ ሰው የለማ። ስድስት ዓመት አዩ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ስድስት ዓመት ሳይረኑን ተጫኑ።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ረጅሙን ሲፈትሹት ከእጅጌው ስር፣ ወደ ክርኑ ጠጋ ብሎ፣ ጠንከር ያለ ነገር ነካቸው። "አባባ፣ እንዳላዩ ይሁኑልኝ" አላቸው በሹክሹክታ። ሆኑለት። በሦስተኛው ቀን ሲወጣ ጎንበስ ብሎ፣ "ዛሬም አሥራ ሰባት ደቂቃ። ወሩ ሲሞላ ጽፌ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እሰጣለሁ" አላቸው። እሳቸውም አልሰማሁም አሉት። ያን ቀን ግን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እግራቸው ቀሎአቸው ነበር። ራሳቸው ያልደፈሩትን ሌላ ሰው ሊያደርግላቸው ስለሆነ ደስ ብሏቸው ነበር። አሁን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥላቸው ያ ደስታ ነው።

ትናንት ማታ ለሚስታቸው ነግረዋት ነበር። ስኳር በሽታ አልጋ ላይ ካዋላት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ መርፌዋ የሚወጣው በፋብሪካው የሕክምና ካርድ ነው። እሷም ሰምታ ስታበቃ፣ እጁን አንተ አልቆረጥክበትም፣ ከጠየቁህ ያየኸውን ተናገር፣ ጡረታህ ሊደርስ መጨረሻውን አታበላሸው አለቻቸው። ምን ስህተት አለው? እውነት መናገር ነው።

ቅጹ ላይ "የነበረው ሰዓት ብዛት" የሚለው መስመር ባዶውን አፍጥጦባቸው ተቀምጦ ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ። የረጅሙ ሚስት ናት። ከሐኪም ቤት ቀጥታ መምጣቷ ከፊቷ ያስታውቃል። ካፖርቱንና የምሳ ዕቃውን ልትወስድ መጥታ ነው።

"እንዴት አደረ?" አሏት።

"ሲነቃ እጁን ይፈልጋል። አልጋው ስር ጎንበስ ብለሽ እይልኝ አለኝ።"

"አየሽለት?"

"አዎ፣ አየሁ። ምን ላድርግ አባባ?"

አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጧት። የምሳ ዕቃውን ክዳን እየከፈተች እየዘጋች ጥቂት ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

"ሁለተኛው ሰዓት የኔ ነው። የሴት ሰዓት ትንሽ ናት፣ እጅጌ ስር አትታይም ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ የማስርለትም እኔው ነበርኩ። ትናንት ላላ ብላ ነበር፤ ጠበቅ አድርጌ አሰርኳት። እጁን ያስበላሁት እኔ ነኝ።"

"መከለያ የሌለው ማሽን ነው የበላው" አሉ አባባ ምስማር። ይህን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡት የመጀመሪያቸው ነበር። "ሰዓት ባይኖረውም ይበላው ነበር።"

"እሱን የሚጽፍልኝ ማን ነው?"

ቅጹን አንስተው ነገሩን ሁሉ አስረዷት፤ ሁለት ከተባለ ባሏ በባዶ እጁ እንደሚቀር፣ አንድ ከተባለ እንደሚካስ። "በባዶ እጁ" ካሉ በኋላ ምላሳቸውን ቢነክሱም ቃሉ አንዴ ወጥቷል። እሷ ልብ ያለችው ግን ሌላውን ነበር።

"አንድ ከተባለ ጥፋቱ የማን ይሆናል?"

"የበሩ።"

"በሩ ማለት እርስዎ አይደሉ?"

ቅጹን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉት። በኋላ ካፖርቱን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችና ብድግ አለች።

"ልለምንዎ አልመጣሁም። እርስዎም ቤት አለዎት፤ የታመመ ሰው አለዎት። እኔም ብሆን አላደርገውም ነበር።"

ይህን ያለችው ከልቧ ነው፤ ነገር አልጠመዘዘችም። ብታለቅስባቸው፣ እግራቸው ላይ ብትወድቅ፣ ምናልባት ይቆጧት ነበር፤ ተቆጥተውም ሁለት ብለው ጽፈው ይገላገሉ ነበር። እንዲህ ስትላቸው ግን የሚይዙት የሚጨብጡት አጡ። ለረጅሙ አዘኑ፣ ለራሳቸው አፈሩ፤ የትኛው እንደበለጠባቸው አያውቁም። ዞረው ከስልሳ ሁለተኛው ምስማር ላይ ሰዓቱን አወረዱ።

"ውሰጂው።"

"አባባ፣ ይህን አይጠይቁዎትም?"

"ቀኝ እጁ አለ አይደል? እሱ ላይ እሰሪለት። ላላ አድርገሽ።"

ሰዓቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ከአጥሩ ጥግ እስክትሰወር ድረስ በመስኮቱ ተከተሏት። ከዚያ ተቀምጠው ቅጹን ሞሉ። እጃቸው ጽሕፈት ስላልለመደ ሦስት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ከኢንሹራንሱ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። የኢንሹራንሱ ሰው ላብ ያጠመቀው፣ ቶሎ ጨርሶ መሄድ የሚፈልግ ሰው ነው። ኃላፊው ቅጹን ተቀብሎ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

"'አንድ' ይላል።"

"አዎ ጌታዬ። አንድ ነው የነበረው። ትናንት ጠዋት ሰልፉ በዝቶ ሳልቀበለው አለፈ። ጉድለቱ የኔ ነው።"

"ምስማሩ ላይ ያለውስ?"

"ምስማሩ ባዶ ነው። ሄደው ይዩት።"

ኃላፊው ወደ ኢንሹራንሱ ሰው ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "አባባ፣ ስምንት ወር ነው የቀረዎት። በደንብ ያስቡበት። ሰውየው ሁለት ሰዓት ነበረው።"

"እርስዎ ራስዎ ጠዋት ነግረውኛል እኮ" አሉ አባባ ምስማር። "የሮለር ሠራተኛ ሁለት ምን ያደርግለታል?"

የኢንሹራንሱ ሰው፣ ዘበኛው ራሱ ካመነ ሌላ የሚጠየቅ የለም ብሎ ፊርማቸው የት እንዳለ ጠየቀ። አሳዩት። ኃላፊው እንግዳውን ሸኝቶ ሲመለስ ወንበር አልጋበዛቸውም። የማታውን ሳይረን ነፍተው፣ ሰዓት መልሰው፣ ቁልፉን እንዲያስረክቡና ነገ እንዳይመጡ ነገራቸው። የሕክምና ካርዱንም አብረው እንዲመልሱ አሳሰባቸው።

ከሰዓት በኋላው ረዘመባቸው። አልተጸጸቱም ቢባል ውሸት ነው። ለሚስታቸው ምን እንደሚሏት ሲያስቡ ሁለት ጊዜ ተነስተው ወደ ቢሮው ጥቂት ተራመዱ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። መርፌዋ ለዘጠኝ ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሊያስቡት ሞከሩ፣ አእምሮአቸው እምቢ አላቸው። በአዳራሹ ውስጥ የረጅሙ ማሽን ሌላ ሰው ቆሞበት ይሠራል፤ መከለያው አሁንም ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ነው።

ለራሳቸው ያዘኑትን ያህል አንድ ነገር ደግሞ ይከነክናቸው ጀመር። ካሳው ይከፈል ይሆናል። ረጅሙ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የለካውን ግን አሁን ከረጅሙና ከሚስቱ ሌላ የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ "አንድ" ብለው ሲጽፉ ያንን አብረው ቀብረውታል። ነገ ደግሞ ሌላ ዘበኛ ይመጣል፤ ያም እንጀራው የሚያሳስበው፣ ቤቱ የታመመ ያለበት ሰው ነው የሚሆነው። አይቶ ዝም ይላል።

ወንበራቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። ሰባ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ካሉት በቀር፣ ሁሉም ወደ አሥራ አንድ እየተጠጋ ነው። በመስኮቱ ትልቁን ሰዓት አዩት። ለአሥራ አንድ አሥራ ስምንት ጉዳይ ይላል።

አንድ ደቂቃ ጠበቁ፤ የምስማሮቹ ሰዓቶች አሥራ አንድ ሞሉ። ከዚያ ሳይረኑን ተጫኑት።

ድምፁ አዳራሹን ሞላው። የማሸጊያ ክፍሉ ሴቶች ራሳቸውን ቀና አደረጉ። መጀመሪያ ያዩት የግድግዳውን ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ ወደ ዘበኛው ቤት ተመለከቱ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ማሽኖቹም አልቆሙም። ከአዳራሹ ጫፍ የፈረቃ አለቃው እየሮጠ ሲመጣ አዩት። አባባ ምስማር ሁለተኛ ተጫኑት፤ ጣታቸውንም አላነሱም።