የስንዱ መደርደሪያ

ማሽኗ ጥርሷን ነክሳ አጉረመረመችና ነጭ ጥብጣብ በአፏ አወጣች። ቻላቸው በመቀስ ቆረጠው፤ ትልቅ ነገር እንደሚያስረክብ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ለስንዱ አቀረበላት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነዋ እቴ ስንዱ! አንብቢው እንጂ።»

«በእንግሊዝኛ ነው እኮ የጻፍከው!»

«ፊደሉ ነው እንግሊዝኛ። ሲነበብ ግን ዘይት ነው።»

«ታዲያ ማን ያንብበው? አባባ? እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግዕዝ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን በስተርጅና በዘይት ጣሳ ላይ እንግሊዝኛ ላስቆጥራቸው?»

ቻላቸው ራሱን አከከ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛ እንጂ ስለ ዘይት ጣሳ የሚጨቃጨቅ ደንበኛ አልገጠመውም። ማሽኗ በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ሆዷ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ቁልፎች ያሏት፣ ሲያዩዋት የምታምር ነገር ናት። የዕቃውን ስም ትጽፋለህ፣ ጥብጣቡን ትልጣለህ፣ ትለጥፋለህ፣ አለቀ። ከቁልፎቿ አንዱ እንኳ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ስንዱ ወዲያው ይዛት በሄደች ነበር።

የስንዱ አባት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ በሁለት እጃቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ጭቅጭቁን ያዳምጣሉ። እንደመሳቅም ይላሉ።

የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። ነገ ማለዳ ሊሄዱባት ነው።

ነገሩ የመጣው በቅቤ ነው። የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ እንደሆነ ለማንም አያዝንም። በነቢያት ጾም ሰሞን ዘይቱም ቅቤውም ግግር ብሎ አንድ ዓይነት ቢጫ ይሆናል፤ ማንኪያ ካላጠፈ አይወጣም። ቅቤው ደግሞ የመጣው ከስማዳ ነው፤ የስንዱ ባል የእሸቱ እናት በባዶ የዘይት ጣሳ ሞልተው የላኩት። በዘይት ጣሳ! እሸቱም ተቀብሎ ወጥ ቤት አስቀመጠው፤ በቃ። እሱ ዕቃ ሁሉ ዕቃ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። በዚያ ቤት ምስሩ በወተት ጣሳ፣ ጨው በቡና ቆርቆሮ፣ ስኳሩ በቀለም ባልዲ ነው የሚኖረው። ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት የምትሠራው፣ ፋይል ሁሉ ስምና ቁጥር ከሌለው እንቅልፍ የማይወስዳት ስንዱ፣ ማታ ስትገባ የሚቀበላት ይህ ነበር።

ትናንት ከሥራ ዘገየች። መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር። ከተማሪነት ዘመናቸው ጀምሮ ለሆዳቸው ሰው ማስቸገር የማይወዱ ናቸውና በሶውን በውኃ አርሰው፣ ከዘይቱ ዛቅ አድርገው፣ ጭብጧቸውን ለወሱ። ስንዱ ስትደርስ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው፣ አንዴ ብቻ የተቆረሰ ጭብጦ ፊታቸው አድርገው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ቅቤ ነው» አሏት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ማታ ግን ጨመሩ። «ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤተ ልሔም እሄዳለሁ፤ መኪና ላይ አሳፍሪኝ» አሉ።

ስንዱ የምታውቀው ይህን ነው፤ ከሄዱ አይመለሱም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እዚያው ቤተ ልሔም፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች አንዲት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በክረምቱ ጭቃ ላይ ወድቀው ተማሪዎቻቸው እስኪደርሱላቸው ዝናብ ሲደበድባቸው ቆይተዋል። በመስከረም ለምና፣ አልቅሳ፣ የንስሐ አባታቸውን ልካ ነው ያመጣቻቸው። እና አሁን በአንድ ማንኪያ ቅቤ! ጾማቸውን የሚያስፈታ ቤት ውስጥ ምን ብለው ይቀመጡ? ያን ማታ በእሸቱ ላይ ያላወረደችው የእርግማን ዓይነት አልነበረም። እሱም አልመለሰላት፤ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ አምኖ አቀርቅሮ ሰማት።

ዛሬ ታዲያ ከሥራ እንደወጣች አባቷን ከቤተ ክርስቲያን ወስዳ፣ ባጃጅ ላይ ጭና ወደ ቻላቸው ሱቅ መጣች። በስልኳ ያየቻት አንዲት ሴት የቤቷን ዕቃ ሁሉ ስም ለጥፋበት ነበር፤ ጨው ጨው ይላል፣ በርበሬ በርበሬ ይላል። አባባም የፊደሉን ትልቅነት በራሳቸው ዓይን አይተው ይምረጡ፣ ቤቷ ተስተካክሎ ይዩ፣ ከዚያ ምናልባት ልባቸው ይመለስ ይሆናል።

«ሌላ የለህም?» አለች ቻላቸውን።

«አለችኝ እንጂ! ይቺ ደግሞ ቁልፍ የሚባል የላትም። ከስልክ ጋር ነው የምትሠራው። ስልኩ አማርኛ ከጻፈ እሷም አማርኛ ትጽፋለች።»

«እንዲህ አትልም ታዲያ? ከቅድም ጀምሮ በእንግሊዝኛ ታደርቀኛለህ!»

ሁለተኛዋ ማሽን ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ነጭና ክብ ቢጤ ናት። ቻላቸው ከስልኩ ጋር ሊያገናኛት ጀመረ። እምቢ አለች። አጠፋት፣ አበራት፣ መታ መታ አደረጋት። የወረቀቱን ጥቅልል አውጥቶ እንደገና ከተተው። ስንዱ እግሯን መሬት ላይ እየመታች ቆመች።

«ወረቀቱ ይለቃል?» አለች።

«ከምድጃ ካላስጠጋሽው አይለቅም።»

«ወጥ ቤት ነው እኮ የምለጥፈው! ከምድጃ ወዴት ላሽሸው?»

በዚህ መሀል ስልኳ ጮኸ። እሸቱ ነው።

«ስንድዬ፣ እኔ ቤት ገብቻለሁ። ምን ልሥራ? መደርደሪያውን ላጽዳው?»

«የፈለግከውን አድርግ! ትናንት ነበር ማሰብ። አሁን አባባን ይዤ ሱቅ ለሱቅ የምዞረው በማን ምክንያት ሆነና ነው?»

እየተናገረች ሳለ ማሽኗ አጉረመረመች። ቻላቸው የወጣውን ቆርጦ ሳያይ አቀበላትና መልሶ በማሽኗ ላይ አጎነበሰ። ስንዱም ጆሮዋ ስልኩ ላይ እንዳለ፣ ሳታይ፣ ለአባቷ አሳለፈችው።

«እስቲ ይመልከቱት አባባ። ፊደሉ አነሰብዎት?»

መሪጌታ ከጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አወጡ። ቁራጩን ወደ በሩ ብርሃን አነሡት፤ አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደ ሊቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘይት» አሉ። «አላነሰም። እጁ ያማረ ጸሐፊ ነው።»

ቻላቸው ቀና አለ። «መሪጌታ፣ ገና ምንም አል…»

ስንዱ ቁራጩን ከአባቷ ጣት ወስዳ አየችው። ነጭ ነው። ገለበጠችው፤ በዚያም በኩል ነጭ ነው። ጥቅልሉ ተገልብጦ ገብቶ ማሽኗ ባዶውን ነበር የተፋችው። በስልኩ ውስጥ እሸቱ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ዘጋችበት።

መጀመሪያ የመጣላት ዳዊታቸው ነው። በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ገልጠው፣ በየመዝሙሩ መጨረሻ፣ ገጹ ቢያልቅም ባያልቅም፣ እየገለበጡ የሚደግሙት። ቀጥሎ ሻይ ሲቀዱ አውራ ጣታቸውን ሲኒው ውስጥ የሚያስገቡት ነገር፤ እሷ ሁልጊዜ «አባባ፣ ጣትዎን!» እያለች የምትቆጣው። ሰው ሲገባ ቀድሞ እስኪናገር ዝም የሚሉት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ዲያቆን ጋር ጨዋታ ይዘው የሚመጡት። ሁሉን አይታለች። አይታ ሽማግሌ ናቸው ብላ አልፋዋለች። ወዲያው ንዴቱ መጣ።

«አባባ» አለች፤ «ይኼ ወረቀት ባዶ ነው።»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«እንግዲህ ተያዝኩ» አሉ መሪጌታ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን እሱን ማወቁ ምን ያደርግልሻል?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩ እኮ!»

ጩኸቷ እስከ መንገዱ ተሰማ። አንዲት ሴት ወደ ሱቁ ልትገባ ብላ ተመለሰች። ቻላቸው ማሽኗን ከፍቶ በውስጧ ከባድ ብልሽት እንዳገኘ ሰው ትክ ብሎ ያያት ጀመር።

«ከዐቢይ ጾም ወዲህ» አሉ። «ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። ሰው ከፊቴ ሲቆም አውቃለሁ። ፊደል ግን የለም። ሄዷል።»

«ለእኔ መናገር አቃተዎት? ለልጅዎ? ሐኪም ቤት አልወስድዎትም ነበር?»

«ይኸው ነዋ የፈራሁት። ሥራሽን ጥለሽ እኔን ስትጎትቺ ልትኖሪ።»

«እና ዓይን የሌለው ሰው ነገ መኪና ተሳፍሮ ቤተ ልሔም ሊሄድ ነው! እዚያ ማን ያይልዎታል?»

«እዚያ ማየት አያስፈልገኝም።» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንከር አለ። «እዚያ ውኃዬ ከበሩ በስተግራ ነው። በሶዬ ራስጌዬ ነው። ጨዋታ አይደለም፣ ስንት ዘመን ከቦታው አልተነቃነቀም። ያንቺንም ቤት አጥንቼው ነበር እኮ። ጨው መጀመሪያ፣ ዘይት ከጨው ቀጥሎ፣ ቅቤ ከታች ጥግ ላይ። አፍንጫዬ በዚህ ብርድ ቢዘጋም እጄ ያውቀዋል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን አንቺ ትነሺና ትደረድሪዋለሽ።»

ስንዱ ነጩን ቁራጭ በጣቶቿ መሀል አጠፈችው።

«እንደገና አጠናለሁ፤ እንደገና ታፈርሺዋለሽ» አሉ መሪጌታ። «ድጓን የተማርኩት አንድ ጊዜ ነው። ያንቺን ወጥ ቤት ግን ስንት ጊዜ ልማር? ያለፈው ቅዳሜ የደረደርሽውን ገና ሳልይዘው ጾሜን አፈረስኩ። በቃኝ ልጄ።»

እውነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እጀታዋን ጠቅልላ የምትገባው እሷ ናት። ረጅሙን ከረጅሙ፣ አጭሩን ካጭሩ፤ በሚቀጥለው ደግሞ በቀለሙ፤ በሚቀጥለው ደግሞ ቶሎ የሚፈለገው ወደ ፊት። የቅቤውን ጣሳ ከጥግ አንሥታ፣ ቁመቱ ከጨው ቆርቆሮ ጋር ይሄዳል ብላ፣ በዘይቱ ቦታ ያቆመችው እሷ ናት። እሸቱ ከስማዳ የመጣውን ጣሳ ያስቀመጠው ከታች ጥግ ላይ ነበር። ያ ምስኪን ያን ሁሉ ስድብ አቀርቅሮ ጠጣው! እሷስ ብትሆን፣ አንድ ቃል ብትነገር ምን ነበረበት? በአንድ አፍ «ስንዱ፣ አላይም» ማለት ይህን ያህል ያቅታል? ጉድ እኮ ነው! መናደዷ አልበረደም፤ የምትናደድበት ሰው ግን ጠፋት።

ማሽኗ በድንገት አጉረመረመች።

«ይኸው መጣ!» አለ ቻላቸው ከጭንቁ የተገላገለ መስሎት። ጥብጣቡን ዘረጋው። ዘይት ይላል፤ ጥቁር፣ ደማቅ፣ የሚያምር ፊደል። «ጥቅልሉን ገልብጬው ነበር እኮ። ታዲያ እቴ፣ የትኛዋን ልጠቅልልሽ?»

«የትኛዋንም።»

«እንዴ! ይህን ሁሉ ደክሜ?»

«አንተስ ደኅና ሠርተሃል፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ ከወንበሩ እየተነሡ። «ገዢዎቹ ነን የጎደልነው።»

ባጃጁ ውስጥ ስንዱ የአባቷን እጅ ይዛ ነበር፤ ከዚህ ቀደም ሲወርዱ እንዳይወድቁ ነበር የምትይዘው፤ አሁን ግን መንገዱን ሁሉ አልለቀቀችውም። እቤት ሲደርሱ እሸቱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ፊቱ በርቷል።

«ጨረስኩት!» አለ። «ነይ እይልኝ። አንድም ሳላስቀር አውርጄ፣ አጥቤ፣ በአዲስ መልክ ደርድሬዋለሁ!»

ስንዱ ገብታ አየች። ትልልቁ ወደ ላይ፣ ትንንሹ ወደ ታች፣ ሁሉም አንጸባርቆ፣ አንዱም በነበረበት የለም። እጇን በራሷ ላይ ጫነች።

«ምነው? አጠፋሁ?» አለ እሸቱ።

«የለም። አንተ አላጠፋህም። ትናንትም አላጠፋህም።» ይህን ሲሰማ እሸቱ ይበልጥ ደነገጠ። «አሁን ግን እንደገና አውርደው። ሁሉንም።»

«ሁሉንም?»

«አውርደው አልኩህ እኮ!»

ወለሉ ላይ አወረዱት፤ የወተት ጣሳው፣ የቡና ቆርቆሮው፣ የቀለም ባልዲው። ሁለቱ መደርደሪያዎች ባዶ ሳንቃ ሆኑ። ስንዱ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ከፊታቸው አቆመቻቸው።

«ይደርድሩት፣ አባባ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ከዛሬ ጀምሮ ያለእርስዎ ማንም አይነካውም።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

መሪጌታ ሳቁ፤ ከልባቸው አላመኑም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና መዳፋቸውን በታችኛው ሳንቃ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው አሄዱት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። እሸቱ ነገሩ ባይገባውም አንዱን አነሣ፤ ስንዱ ተቀብላ በእጃቸው ላይ አኖረችው።

«ቅቤ» አለቻቸው።

ጥግ ላይ አስቀመጡት።

«ምስር።»

ምስሩን ከቅቤው አራርቀው፣ ጠማማ አድርገው፣ አፉ ወደ ግድግዳ ዘንበል ብሎ አቆሙት። ቀጥሎ ያለውን በርበሬ ከሳንቃው ጠርዝ ጣት በማታህል ርቀት ላይ አኖሩት። ከሱ አጠገብ አጭር፣ ካጭሩ አጠገብ ረጅም። ያስጠላል። የስንዱ እጅ ሳታዘው ሄደ፤ ምስሩን ቀና ሊያደርግ ደረሰ። በሌላው እጇ ያዘችውና ወደ ደረቷ መለሰችው። እሸቱ አያትና ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ዘይት» አለች። ጣሳውን ሰጠቻቸው። ዝም ብላ መቆየት አልቻለችም። «አባባ፣ የነገው መኪና…»

መሪጌታ ጣሳውን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ በሌላው ሳንቃውን ይዳብሳሉ።

«ቆይ አንቺ ልጅ፣ አታቻኩይኝ» አሏት። «የላይኛውን ገና መቼ ጀመርኩና።»