ኬብሉን ማን ነቀለው

ቤርሳቤህ የሰው ኮምፒውተር ስትጠግን ሁልጊዜ የምታስቀድማት አንዲት ጥያቄ አለቻት፦ «መጨረሻ ከሠራበት ቀን ወዲህ ምን ነካችሁ?» የሰዉ ሁሉ መልስ አንድ ነው፤ «ኧረ ምንም!» ምንም ያልነካ ሰው ግን እስከ ዛሬ ገጥሟት አያውቅም። አንዱ ሻይ ደፍቶበት ነው፣ ሌላዋ ልጇ ጌም ጭኖባት ነው። ካምፓላ ባለው መሥሪያ ቤቷ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንን «ምንም» ስትሰማ ኖራለች። ተቆጥታ አታውቅም፣ እየሳቀች የተነካውን ፈልጋ ታገኘዋለች።

በኮሮናው ዓመት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን እምቢ ያላት የገዛ ራሷ ኮምፒውተር ሆነ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ጎትታ ያመጣችው ማሽን ነው፣ ካንሳንጋ ሰፈር በተከራዩት ቤት ሳሎን ጥግ ተቀምጧል። በዚህ ዘመን ዲቪዲ የሚያነብ ዕቃ ማን አለው? ያልጣለችውም ለዚሁ ብላ ነው፣ የሠርጓ ቪዲዮ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነውና። ሰውን ሁሉ «ኮፒ አስቀሩ፣ ኋላ ታለቅሳላችሁ» ስትል የምትውል ሴት የራሷን ሠርግ በአምስት ዓመት አንዴ እንኳ ወደ ፍላሽ አልገለበጠችውም። ምን ይባላል!

ዲስኩን የፈለገችው ለአባቷ ድምፅ ነው። አቶ ኃይለመስቀል ስልክ ላይ ከጠፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። «ጠበል ገብተዋል፣ ቦታው ኔትዎርክ የለውም» አላት ወንድሟ ብሩህ ከአዲስ አበባ። ባሏ ኤርሚያስም «ጋሼን ታውቂያቸው የለ፣ ሱባኤ ከያዙ ስልክ አይነኩም» አለ። አመነቻቸው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፣ መናፈቋን ሰው ፊት ባታወጣውም ሆዷ ከባባ ሰንብቷል።

የልጅቷ ነገር ደግሞ አለ። ከተወለደች አምሳ ሁለት ቀኗ ነው፣ እስካሁን ስም የላትም። ስም የሚያወጡት አያቷ ናቸው፤ ገና በሆድ ሳለች «ስሙን ለእኔ ተዉት» ብለው ቃል አስገብተዋቸዋል። እሳቸው እስኪደውሉ ድረስ ሕፃኗ ማሚቴ፣ ሚጢጢ፣ አንቺ ጉድ እየተባለች ትኖራለች። እንግዲህ ስሙ ቢዘገይ እንኳ ድምፃቸውን ትስማ ብላ ነው ቤርሳቤህ የተነሳችው። በቪዲዮው ላይ አቶ ኃይለመስቀል ማይክራፎኑን እንደ ዳቦ ቢላ ከሩቅ ይዘው ሙሽሮቹን ሲመርቁ አሉ። ሰኞ ዕለት ለኤርሚያስ «ቅዳሜ አብረን እናየዋለን» ብላው ነበር። «እሺ» ብሎ ወጣ።

ኮምፒውተሩን ከፈተችው። ሃርድ ዲስኩ አለ፣ ፍላሹ አለ፣ ዲቪዲ የሚባል ግን የለም።

«እንዴ!» አለች። አጥፍታ አበራችው። አሁንም የለም። የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ብታወጣው ከኪቦርዱ እስከ ስፒከሩ ሁሉም ተሰልፏል፣ እሱ ብቻ ቀርቷል።

«አንቺ ልጅ!» አሉ እትዬ ታደለች ከማድ ቤት። «አጥሚቱ ቀዘቀዘ እኮ! አራስ ሆነሽ ከብረት ጋር ምን ያታግልሻል? ወገብሽን አታሳርፊም?»

እትዬ ታደለች ከታችኛው ፎቅ ናቸው። የእንቴቤ አየር ማረፊያ በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ከአገር ቤት የሚያርስ ዘመድ መምጣት ሲያቅተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ድስታቸውን ተሸክመው የወጡ ሴት ናቸው።

«መጣሁ እትዬ፣ አንድ ደቂቃ!»

«የኮምፒውተር አንድ ደቂቃ ጠፍቶኝ ነው!»

ቤርሳቤህ እየሳቀች ማሽኑን እንደገና አስነሳችና፣ ዊንዶውሱ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ የገዛ ዕቃውን የሚቆጥርበትን ገጽ አወጣች። እዚያም የለም። ጥሩ፣ ነገሩ ጠበበ። ዊንዶውስ ቢያብድ እንኳ ያ ገጽ አያብድም፤ እሱ ካላየው ወይ ዲቪዲ ማንበቢያው፣ ድራይቩ፣ ሞቷል ወይ ኬብል ወልቋል ማለት ነው። የድራይቩን ቁልፍ ተጫነችው። ዲስክ የሚቀመጥበት ትሪ ንቅንቅ አላለም፣ መብራቱም ብልጭ አላለም። ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ሶኬቱን ነቀለች፣ ካቻቢቴ አመጣች፣ ሁለት ብሎን ፈታችና ጎኑን አነሳችው።

ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። ከድራይቩ ጀርባ ግን አቧራው በጣት ተነካክቷል። ሁለቱም ኬብሎች ከቦታቸው የሉም። በራሳቸው የወለቁ አይደሉም፣ ተነቅለው፣ ተጣጥፈው፣ በቢጫ ላስቲክ ታስረዋል።

ሳቋ አመለጣት። ላስቲኩን ታውቀዋለች። ኤርሚያስ ካባላጋላ ሰፈር ባለው ምግብ ቤታቸው የቴክ አዌይ ምግብ የሚያስርበት ነው፣ ቤት ውስጥም የማያስረው ነገር የለም፤ የልጅቷን ካልሲ ሳይቀር ጥንድ ጥንድ አድርጎ በላስቲክ ያስረዋል። «የእኔ ጌታ፣ ከማታውቀው ቦታ ምን አስገባህ?» አለች ለብቻዋ። ማታ የምታበሽቀው ነገር በማግኘቷ ደስም አላት።

ዲስኩን ልታመጣ ከቁም ሳጥኑ መያዣውን አወረደች። ባዶ ነው። ድራይቩ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል አለች። ከልጅቷ መጠቅለያ ላይ መርፌ ቁልፍ ፈታች፣ ጫፉን በድራይቩ ፊት ባለችው ጥቃቅን ቀዳዳ አስገብታ ገፋ ስታደርገው ትሪው ብቅ አለ። የሠርጓ ዲስክ እዚያው ተኝቷል።

እዚህ ላይ ሳቋ ቀዘቀዘ። ኤርሚያስ ራሱን በቪዲዮ ማየት የሚያፍር ሰው ነው፤ ሠርጋችንን እንይ ስትለው ሁልጊዜ ሰበብ አያጣም። ታዲያ ብቻውን ምን ሊያይ ከፈተው? አይቶስ ሲያበቃ ለምን ነቀለው?

ኬብሎቹን መለሰቻቸው፣ ማሽኑን አስነሳችው። ድራይቩ ወዲያው መጣ፣ ምንም በሽታ አልነበረበትም። ቪዲዮውን ግን አልከፈተችውም። በቅርብ የተቀመጡ ፋይሎችን አወጣች። ማክሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ፎቶ ተቀምጧል። ሦስቱም ከሠርጉ ቪዲዮ ላይ የተቆረጡ ናቸው፣ ሦስቱም የአባቷ ፊት ናቸው። ስም ተሰጥቷቸዋል፤ «ጋሼ 1»፣ «ጋሼ 2»። አባቷ ሳቅ ብለው የወጡበት ሦስተኛው «ለአርባው» ይላል።

የክርስትና ነው ልትል ፈለገች። ግን የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ነው። በአርባ ቀን የሰው ፎቶ ታትሞ የሚሰቀለው ለሞተ ሰው ተዝካር ነው።

መጨረሻ ከሠራበት ቀን ወዲህ ምን ነካችሁ? አሁን ሁሉም ነገር ይመልስላት ጀመር። ኤርሚያስ ጢሙን አሳድጓል፤ «ፀጉር ቤቱ በኮሮና ዝግ ነው» ይላት ነበር፣ ከተከፈቱ ግን ሳምንት ሊሞላቸው ነው፣ እሱ ዛሬም አልተላጨም። ከአዲስ አበባ ሲደወል በረንዳ ወጥቶ ነው የሚያነሳው። እትዬ ታደለች አንድ ጠዋት መጥተው ያለ ምክንያት አቅፈዋት ቆይተዋል። «ምን ሆናችሁ?» ባለች ቁጥር ሁለቱም «ኧረ ምንም!» ነው የሚሏት። እሷ፣ በዚህ ቃል ተታላ የማታውቀው ቤርሳቤህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋጠችው።

ልትጮህ አፏን ከፈተች። አልጋው ላይ ያለችው ሕፃን ተንቀሳቀሰች፣ ቤርሳቤህም በመዳፏ አፏን ይዛ ጩኸቱን ዋጠችው። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ጠበል ይሉኛል! ኔትዎርክ የለም ይሉኛል! እኔ አባዬ ሲመጣ የምታለብሰውን ልብስ ስመርጥላት፣ እነሱ አፈር አልብሰውታል! ተነስታ ማድ ቤት ገብታ እትዬ ታደለችን ትከሻቸውን ይዛ መነቅነቅ አማራት።

ሕፃኗን አነሳችና ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቷ ስትጠባ ንዴቷ እየሟሸሸ ሌላ ነገር መጣባት። ኤርሚያስ ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ እዚህ ወንበር ላይ፣ ብቻውን ሆኖ ያንን ፊት ከቪዲዮ ሲቆርጥ ታያት። እሱም አባቱን በልጅነቱ የቀበረ ነው፤ አቶ ኃይለመስቀልን «ጋሼ» እያለ ከእሷ ይልቅ እሱ ነበር በየሳምንቱ የሚደውልላቸው። ለቅሶ አልተቀመጠም። ሰው መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አላለውም። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ቀልዶ፣ አስቋት ነው የሚወጣው። አንጀቷን በላት። አሁን እትዬ ታደለችን ብትጠይቃቸው ይነግሯታል። እሷ ግን ከእሱ አፍ መስማት ፈለገች፣ አልቅሳም ቢሆን ከእሱ ጋር። ስለዚህ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

አመሻሽ ላይ የሞተር ታክሲው፣ ቦዳው፣ በር ላይ ሲቆም ሰማች። ኤርሚያስ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ የካምፓላ ሰው ሮሌክስ የሚለውን፣ የምትወደውን በእንቁላል የተጠቀለለ የቻፓቲ ቂጣ በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። «የእኔ አራስ፣ ሮሌክስ...» ብሎ ጀመረና ጎኑ የተከፈተውን ኮምፒውተር አየው። አረንጓዴዋ የድራይቩ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች።

«ኬብሉን አንተ ነህ የነቀልከው?» አለችው።

«አ... አቧራ ላራግፍለት ብዬ...»

«ኤርሜ።»

ፌስታሉን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«ዲስኩ እኮ ነው መጀመሪያ የሚወጣው፣ የእኔ ጌታ። ከነቀልከው በኋላ አይከፈትም» አለችው። «አባዬ ጠበል አይደለም ያለው።»

ኤርሚያስ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «ልባቸው ነው» አለ። «ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ለአራስ መርዶ አይነገርም አሉኝ፣ ወተቷ ይደርቃል አሉኝ። ከክርስትናው በኋላ ሽማግሌ ይዘን ልንነግርሽ ነበር። አየር ማረፊያው ዝግ ነው፣ ብነግርሽስ በምን ሄደሽ ትቀብሪያቸዋለሽ ብዬ...»

«ኬብሉንስ?»

«ቅዳሜ አብረን እናያለን አልሽ። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እሳቸው ሲመርቁን እየሰማሁ ፊቴን ምን ላድርገው? አልችልም፣ ቤርሲ። ማክሰኞ ንጋት አንድ ጊዜ ነው የሰማኋቸው፣ ሞቼ ነው የተነሳሁት።» ይህን ብሎ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ። እሷም ፀጉሩን ይዛ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፣ በመካከላቸው ሕፃኗ ትጠባለች።

«ስም እንኳ ሳያወጣላት» አለች በመጨረሻ። ከሁሉም ያቃጠላት ይኸ ነው። «ቃል አስገብቶኝ፣ ስም እንኳ ሳያወጣላት ሄደ።»

ኤርሚያስ ቀና አለ። «አውጥተውላታል» አለ።

«ምን?»

«ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከሆስፒታል ደወሉ። አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ 'እንዳትቀሰቅሳት' አሉኝ። 'ስሙን አግኝቼዋለሁ። ራሴ ደውዬ ነው የምነግራት፣ አንተ አፍህን ያዝ። ድንገት ካልደወልኩ ግን አንተ ንገራት' አሉኝ።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ካልደወልኩ አሉ እኮ። ስሙን ብነግርሽ ማርዳቴ ነበር። ምን ላድርግ?»

«ማን አላት?»

ኤርሚያስ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ያለውን ነገር እንደሚል ሰው፣ «ገንዘቤ» አላት።

ሕፃኗ ጡቷን ለቀቀች። ፊቷን ወደ እሱ አዙራ አየችው።

«ገንዘቤ? በዚህ ዘመን ገንዘቤ?» አለች ቤርሳቤህ፣ ሳቅና እንባ ተደባልቆባት። «አባዬ! ምን አለ አሁን...» ከዚያ የልጅቷን ዓይን ተከትላ ባሏን አየችው። «ታውቀዋለች እንዴ?»

«ንጋት ላይ አንቺ ስትተኚ እየታቀፍኩ ስጠራት ነው የከረምኩት» አለ። «አንድ ሰው እንኳ በስሟ ይጥራት ብዬ።»

ያን ጊዜ ነው ቤርሳቤህ ሦስት ሳምንት የዘገየ ለቅሶዋን የለቀቀችው። «አባዬ! አባዬ!» እያለች ስትጮህ እትዬ ታደለች ከማድ ቤት እየሮጡ መጡ። ሁለቱን አዩ፣ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሕፃኗን ከእናቷ ክንድ ተቀበሉና፣ ማድ ቤት ሆነው በሰሙት ስም «ነይ ገንዘቤ፣» አሏት፣ «እናትሽ ታልቅስ።»