የባሏ መቀስ

ካንሰሩ ጠፋ፣ ክንዱም ሳይቆረጥ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ሐኪሞቹ ሳርኮማ የሚሉትን ዕጢ ከቀኝ ክንዱ አውጥተው ቦታውን በጨረር ሲያክሙት ሰነበቱ። ቁስሉ ሲሽር ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ጠጠረ፣ ከሥሩ ያለው ሥጋም አብሮ ተኮማተረ። ጠያቂ ሁሉ «እንኳን እጅህ ተረፈ!» ብሎ ይወጣል። ሰውየው ግን ልብስ ሰፊ ነው፤ ያውም ቆራጭ። የኮት ደረት በአንድ ትንፋሽ ስለሚያወርድ ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ምላጩ» ነው።

ሱቃቸው ውስጥ ሥራ የተከፋፈለው ከተጋቡ ጀምሮ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ሚስቱ ትሰፋለች። እሱ የስፌት መኪናው ላይ አይቀመጥም፣ እሷም መቀሱን አትነካም። የመቀሱ ቀለበት ከመክረሙ የተነሳ ተበልቶ የእሱን አውራ ጣት ቅርጽ ይዟል።

ከሆስፒታል የወጡ ዕለት እጁን የምታሠራው ባለሙያ ሚስቱን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርታት ነበር።

«ቢያመውም ያሠራው። ኩባያ ያንሳ፣ ሸሚዙን ይቆልፍ፣ ፎጣ ይጭመቅ። ዝም ካልሽው ይደርቅበታል።»

እሺ አለች። ቤት ገብተው ኩባያ ሲያነሳ ፊቱ ሲጨማደድ ግን አንጀቷ አልቻለም። «አምጣው ወዲህ! እኔ ምን ሠርቼ ልሙት?» ብላ ነጠቀችው። ሸሚዙን እሷ ቆለፈች፣ ፂሙን እሷ ላጨች። እጁ እንደዚያ ነው የደረቀው፤ ይህንንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብላ በሆድዋ ይዛው ኖረች።

ዛሬ ጠዋት የድሮ ጓደኛው፣ ሾፌሩ፣ ጥቁር ሱፍ ጨርቅ ታቅፎ መጣ።

«ልጄን ልድር ነው። ካንተ በቀር ማንም መቀስ አያሳርፍበትም።»

«ጨርቁ ለቦርጭህ ይበቃል?» አለ ባሏ። ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ ሰምታው አታውቅም።

«ደብቅልኛ! ምላጭ የተባልከው ለምንድነው?»

«ተወው፣ እንደርስበታለን» አለች እሷ ቶሎ ብላ።

«ምን ያቆየናል? አሁን ነው የምቆርጠው። ልኩን ውሰጂለትና ይሂድ።»

ሾፌሩ ተለክቶ እየሳቀ ሄደ። ባሏ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ በግራ እጁ የቀኙን ጣቶች እያጠፈ መቀሱ ውስጥ ከተታቸው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄደለት። የኮቱ ብብት ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱ አልታጠፍ አለ። በትከሻው ገፋው። መቀሱ ሸርተት አለና የኮቱን ደረት ሰንጥቆት ሄደ።

«ጨርቁ ትርፍ አለው» አለች። «ይኼ የተሰነጠቀው እጅጌ ይወጣዋል።»

«የቀረውን አንቺ ቁረጪው።»

«እኔ መች ቆርጬ አውቃለሁ?»

«ቁረጪ አልኩሽ።»

ቀለበቱ ሰፍቷት ጣቷ ውስጡ ተንቀዋለለ። እሱን ላለማሳፈር ሆን ብላ ልታበላሸው ቃጣት፤ ጨርቁ ግን የሰው ነው። ደግሞም እሱ የቆረጠውን ስትሰፋ ስለኖረች እያንዳንዱ ኩርባ እጇ ላይ አለ። መቀሱ ሳይቆም ደረቱን ዞሮ ወረደ።

ባሏ የደረቀ እጁን ጀርባ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አስኬደ።

«ንጹሕ ነው» አለ። ከዚያም ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሳ፦ «ያቺ ሴትዮ ኮሪደር ላይ ያለችሽን ሰምቻለሁ። በሩ ክፍት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ያማል አንቺ። ስትነጥቂኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ጃኬቱን ደረበ። እሷ እንደለመደችው ልትቆልፍለት ብድግ አለች።

«ተይው።»

ጃኬቱ እንደተከፈተ ወደ በሩ ሄዶ ቀኝ እጁን እጀታው ላይ ጫነ። ጣቶቹ አልያዙለትም። ልትከፍትለት አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፣ መቀሱ እጇ ላይ እንዳለ። እሱ በመዳፉ ጠርዝ ደጋግሞ ተጫነው። እጀታው ወረደ። ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።