ዐሥራ ሁለቱን ኮምፒውተሮች የከረቸምኩ ዕለት

በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው! ስለ ራሴ ማውራት እንደማልወድ አገር ያወቀው ነው። የሚጠራጠር ካለ ግን ምስክር አለኝ፤ የንባብ ቤቱን ወለል የሚያጸዱት እትዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቦታው ነበሩ።

እኔ የሕዝብ ንባብ ቤቱ ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ እኔ ባልኖር ዐሥራ ሁለት ባዶ ሣጥን ማለት ነው። ሰዉ "ኢንጂነሩ" ይለኛል። የተማርኩት ሦስት ሳምንት ቢሆንም ሌላው ሦስት ዓመት የሚንገታገትበትን ነው የጨረስኩት።

ተጠቃሚው ግን አያድርስ ነው። አንዱ የስክሪኑን ምስል ዘቅዝቆት ይሄዳል፤ ቀጣዩ ሰው አንገቱን አጣሞ ሲያነብ ይውላል። ሌላው የልጁን ፎቶ ይለጥፍበታል። አንድ ማለዳ ደሜ ፈላ። በሩ ላይ "ለጥገና ተዘግቷል" ብዬ ለጠፍኩና ገባሁ። ሴቲንጉን ዘጋሁ፣ የፍላሽ መሰኪያውን ዘጋሁ፣ ሰዓቱን ድምፁን ሳይቀር ከረቸምኩት። ሃያ ደቂቃ የሞላው ተጠቃሚ ይባረራል፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ሲነሳ ሰው የጻፈበትን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል። "ደንቡ ለማን ይሁን?" ብሎ ኮምፒውተሩ ሲጠይቀኝ "ለሁሉም" አልኩት። ወንድ ልጅ አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ ነው።

የዋናውን ተቆጣጣሪ ፓስወርድም ቀየርኩ። እንዲህ ያለ ፓስወርድ በምድር ላይ አልተሠራም፤ አርባ ፊደልና ቁጥር! እንዳልረሳው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ጽፌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት።

ፓስወርዴን ጠራርጎ አጠፋው።

በራሴ ስም ገብቼ ደንቡን ላነሳ ብል "ፈቃድ የለዎትም" አለኝ። እኔን! አንቱ ማለቱ ብቻ ነበር ደግነቱ።

በሩንም ቢሆን ከኮምፒውተሩ ጋር ያያያዝኩት እኔው ነኝ፤ ያለ ትእዛዝ ንቅንቅ አይልም። የባንክ ካዝና በሉት። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው። እኔና ዐሥራ ሁለት ድዳ ስክሪኖች ተፋጠን ቀረን። አየሩ አለቀ፤ ላቤ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።

በሩ ተንኳኳ። "አባዬ?"

ልጄ ናት። የነርስነት ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ የሚዘጋው በዚያው ዕለት፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ከሳምንት በፊት ሌላ ቦታ ልሙላ ስትለኝ "ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተር ያለው አባት እያለሽ ምን በወጣሽ!" ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

"አባዬ፣ አንድ ሰዓት ነው የቀረው። ክፈትልኝ።"

"ቆይ፣ ሲስተሙ ትንፋሽ ይውሰድ።"

"ትንፋሽ የሚወስደው አንተ ነህ፤ እስከዚህ ይሰማል።"

እትዬ ከኋላዋ ሆነው "ምነው ኢንጂነሩ፣ ለአይጥ ያጠመድከው ወጥመድ አንተኑ ያዘህ እንዴ?" አሉ።

"እትዬ፣ ወለልዎን ይጥረጉ!"

ልጄ ፍላሹን በበሩ ሥር አሾለከችልኝ። "ሰርተፊኬቴ እሱ ላይ አለ። በቃ አንተው ላክልኝ።"

እንደ ተራ ተጠቃሚ ገብቼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ጭራሽ አላየሁም አለ። መሰኪያውን የዘጋሁት እኔ ነኛ!

"አባዬ፣ ገባ?"

"እየገባ ነው።"

"አሁንስ?"

"እየገባ ነው አልኩሽ እኮ!"

ሃያ ደቂቃ ሞላና አባረረኝ። ደግሞ ገባሁ፤ ደግሞ አባረረኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ደንቤ! ከበሩ ውጭ ያለው ድምፅ ጠፋ። ልጄ አንገቷን ደፍታ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ያን ጊዜ እንኳን በሩ ግድግዳውም የተጠጋኝ መሰለኝ።

እኩለ ቀን ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ዓይኔን ጨፈንኩ። አርባዎቹ ፊደሎች እንደ ወታደር ተሰልፈው መጡ! በዐሥሩም ጣቴ ወረድኩበት፤ ቁልፎቹ ጨሱ። ዐሥራ ሁለቱ ስክሪኖች ባንድ ጊዜ ቦግ አሉ፣ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ፣ ማመልከቻውም እንደ ጥይት ሄደ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ አንባቢው ሕዝብ በትከሻው ተሸከመኝ።

ልጄ ተቀብለዋት ወደ ትምህርት ቤቱ በምትሸኝበት ግብዣ ላይ ይህንኑ ለእንግዶቹ ተረክኩላቸው። አንዱ ጎረቤት ከንፈሩን ጠመም ሲያደርግ አየሁትና "እትዬ ይመስክሩ!" አልኩ።

እትዬ ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

"በሩ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ አያውቅም" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቁልፉ ከተሰበረ እንኳ ዓመት አልፎታል። ወንበር ያስደገፍክበት አንተ ነህ። ገፋ አድርገን አየንህ፤ ራስህን በሁለት እጅህ ይዘህ ተቀምጠሃል። ልጅቷ 'ይተዉት እትዬ፣ እንዳያፍር' ብላ መልሳ ገርበብ አደረገችው። ዋናው ሰርተፊኬት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን በኔ ስልክ ማመልከቻውን ሞልታ፣ ሰርተፊኬቱን ፎቶ አንስታ ላከችው። ኮምፒውተሮቹ ደግሞ እስከ ዛሬ እንደተከረቸሙ ናቸው፤ አቧራቸውን በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነኝ።"