የጉግሳ በረንዳ

ዕዝራ ከፋብሪካ በብስክሌት ሲመለስ ከዚራ በሚባለው ሰፈር መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ ያዘው። ብስክሌቱ ጎርፉ ላይ ተንሸራቶ ጣለው። በቅርብ ያገኘው በረንዳ የታላቅ ወንድሙ የጉግሳ ነበር። ዕዝራ አሚራን ስላገባ ጉግሳ ከዘጋው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያም ሆኖ ገብቶ ተጠለለ።

የጉግሳ ሚስት የኔነሽ በሩን ከፈተች። ጉልበቱ ሲደማ አይታ፣ “ውይ ዕዝራ፣ ግባ እንጂ” አለችው።

“ማነው?” አለ ጉግሳ ከውስጥ።

“ወንድምህ ነው። ወድቆ ቆስሏል።”

“እዚያው ይቁም። ሲያባራ ይሄዳል” አለ ጉግሳ።

የኔነሽ አንገቷን ደፋች።

“ተይው፣ የኔነሽ” አላት ዕዝራ። ብስክሌቱን አንስቶ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

ቤት ሲደርስ አሚራ ፎጣ ይዛ ተቀበለችው።

“ምነው፣ መጠለያ አጣህ?”

“አጣሁ” አላት።